ከውሃው ሥር የቆሙት

ይሄ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም። ሕልምም አይደለም።

ማመን የማትፈልጉ አትመኑ... እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ብዙ ሰው አስፈሪ ነገር የሚመጣው ሲጨልም ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ግን በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... ጎረቤት ልብስ እያሰጣ፣ ከማዶ ሬዲዮ እየዘፈነ።

ቦታው ሉቡምባሺ ከተማ፣ ካቱባ ሰፈር ነው። አገራችን ኮንጎ ዛየር ትባል በነበረበት ጊዜ። ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሙቀቱ መተንፈሻ የሚያሳጣበት ወቅት ነበር።

ሉዋምባ እባላለሁ። ሠዓሊ ነኝ።

ሠዓሊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የዱቄት ከረጢት ጨርቅ እወጥራለሁ፣ ነጭ ቀለም እቀባዋለሁ፣ ሲደርቅ ሰው የሚወደውን እስልበታለሁ።

ሰው የሚወደው ደግሞ እሷን ነበር። ማምባ ሙንቱን።

ከወገቧ በላይ ቆንጆ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ። ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ረጅም ፀጉሯን ታበጥራለች። ያን ጊዜ በካቱባ ሳሎኑ ውስጥ እሷን ያልሰቀለ ቤት ብትፈልጉ ይደክማችኋል እንጂ አታገኙም። ሀብት ትሰጣለች ይባላል። የወደደችውን ሰው ቤት ትሞላለታለች። በምትኩ ግን... ከቤቱ ሰው ትወስዳለች።

እኔ አላምንም ነበር። ዓይኗን የምሠራው እኔ፣ ጅራቷን የምሠራው እኔ። ምኗን ልፍራው?

የምሠራው በረንዳ ላይ ነው፣ ካሴባ ከሚባል ልብስ ሰፊ ጋር። ካሴባ እግሩ የስፌት መኪናውን ሲመታ አፉም አብሮ ይሄዳል።

«ይቺ የዛሬዋ ደግሞ የአክስትህን አፍንጫ ነው የያዘችው» ይለኛል።

«አክስቴን ተዋት።»

«አክስትህ ዓሣ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበርክ፤ እኔም ካንተ ጋር በረንዳ አልሻማም ነበር!»

እንደዚህ እየተሳሳቅን ነው ያቺ መኪና በረንዳችን ፊት የቆመችው።

የወረደው ካቴቤ ነው። ካቴቤን የማያውቅ አልነበረም። ከሉዋፑላ ወንዝ፣ ካሴንጋ ከምትባለው ከተማ፣ የደረቀ ዓሣ በጭነት መኪና እያስመጣ የሚሸጥ ትልቅ ነጋዴ ነው። ሰላም አላለንም። የሣልኳቸውን ሥዕሎች ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረ አያቸው።

«ቤቴ አንድ አለች። ፊቷ ጠቁሮብኛል። የሻማ ጭስ ነው። መጥተህ አጽዳልኝ።»

«እዚህ ያምጧት፣ ፓፓ ካቴቤ። ብርሃኑ እዚህ ይሻላል።»

«ከቤት አትወጣም።»

አባባሉ ስለ ሥዕል የሚያወራ ሰው አይመስልም። ሴት ልጁን «አትወጣም» የሚል አባት ነው የሚመስለው።

«እሺ... እመጣለሁ።»

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሊዘጋ ሲል ቆም አለ።

«ፊቷን ብቻ ነው። ውሃውን እንዳትነካ።»

ሄደ።

ካሴባ የስፌት መኪናውን አቁሞ ነበር። 

«አትሂድ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ሰውዬው ሁለት ወንዶች ልጆቹን ቀብሯል። የተቀበሩበትን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ልጅ የሞተበት እሱ ብቻ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ግን ከእያንዳንዱ ቀብር ማግስት አዲስ የጭነት መኪና የሚገዛ ሌላ ሰው አላውቅም።»

ሳቅኩበት። በማግስቱ ድንች፣ ነጭ ጋዝና ብሩሾቼን በቅርጫት ይዤ ሄድኩ።

* * *

በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት፣ ማማ ካፒያ። ቀጭን ሴት ናት። ቢጫ ሽርጥ አገልድማለች። ሰላምታዋ ዝቅ ያለ ነው፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ሰው ሰላምታ።

«ግባ፣ ፉንዲ» አለችኝ። እኛ ጋር የእጅ ሙያ ያለውን ሁሉ ፉንዲ ነው የምንለው።

ካቴቤ ወደ ካሴንጋ ሄዷል፣ ዓሣ ሊያስጭን።

ሳሎኑ ያማረ ነው። ሶፋው አዲስ፣ መጋረጃው አዲስ፣ ምንጣፉ አዲስ። ግን የሆነ ነገር ደስ አላለኝም። ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም...

ከዚያ ገባኝ።

ወንበሮቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተዋል። አንድም ወንበር ወደ እሷ አልዞረም።

ሥዕሉ ስፋቱ የበር ያህላል። ሥሩ፣ መሬት ላይ፣ ባዶ ሳፋ ተቀምጧል።

«ሳፋው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጣሪያው ያፈሳል።»

ቀና ብዬ አየሁ። ጣሪያው ደረቅ ነው። ዝናብ ደግሞ ከጣለ ወራት አልፎታል።

ወደ ሥዕሉ ቀረብኩ። ቀርቤ ሳየው በራሴ ሥራ አፈርኩ። እንደዚህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ድንጋዩ እውነተኛ ድንጋይ ነው። ሸምበቆው ነፋስ የሚወዘውዘው ይመስላል። የሠዓሊው ስም ግን የትም የለም። ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ... የለም።

ፊቷ ግን በጥቀርሻ ተሸፍኗል፣ ውሃውም ደፍርሷል።

ጥሬ ድንች ለሁለት ከፍዬ ቀስ እያልኩ ማሸት ጀመርኩ። ግንባሯ ወጣ። ቅንድቧ ወጣ። ዓይኖቿ ሲወጡ እጄን መለስ አደረግኩ። ቁልጭ ብላ ነው የምታየኝ።

የድንቹ ውሃ አገጯ ላይ ተንጠባጥቦ ቁልቁል ፈሰሰ። ወደ ወንዙ። ሳላስበው በጨርቅ ጠረግኩት።

ጨርቁ በነካው ቦታ ላይ ውሃው ጠራ።

ውስጡ የሰው እግር አለ።

ሌላም ጠረግኩ... ሌላ እግር። ጉልበት። ሸሚዝ።

ከውሃው ሥር ሰዎች ቆመዋል።

አልሰጠሙም። ቆመዋል። ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈው፣ ፀጉራቸው ወደ ላይ እየተንሳፈፈ። ከኋላ ጥልቁ ውስጥ ያሉት ደብዛዛ ናቸው፣ ልብሳቸውም የድሮ ሰው ልብስ ነው። ከፊት ያሉት ግን ግልጽ ናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆች። አንደኛው ቀኝ ዓይኑ ትንሽ ሸውረር ያለ ነው።

ግድግዳው ላይ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ቀና ብዬ አየኋቸው።

ሁለት ወንዶች ልጆች። አንደኛው ቀኝ ዓይኑ ሸውረር ያለ።



ከሁለቱ ጎን ገና ያላለቀ ነገር አለ። በነጭ መስመር የተነደፈች ልጅ። ፊት የላትም። ቀሚሷ ቀለም አልገባበትም። ያለቁት እግሮቿ ብቻ ናቸው። አረንጓዴ ነጠላ ጫማ አድርጋለች።

ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። እርጥብ ሳል... ጉሮሮው ውስጥ ውሃ ያለበት ሰው ሳል።

ዞርኩ።

አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማለች። ከስታለች። ከንፈሯ ነጭ ነው።

አረንጓዴ ነጠላ ጫማ አድርጋለች።

«ምዋፔ፣ ግቢና ተኚ» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ገባች። እኔ ጣቴን ወደ ሥዕሉ ሰድጄ ጫማውን ነካሁት። ለምን እንደነካሁት አላውቅም። የሥዕሉ ቀለም በሙሉ አጥንት ሆኖ የደረቀ ነው። ጫማው ግን...

ጣቴ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀረ። እርጥብ ነው።

«አየሃቸው?» አለችኝ ማማ ካፒያ በሹክሹክታ።

«ማነው የሚስለው?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«ጠዋት ስነሳ ተጨምሮ አገኘዋለሁ። ለትልቁ ልጄ ጊዜ የጥቀርሻ ጥላ መስሎኝ ነበር። ለሁለተኛው... ገባኝ። ፊቱ ያለቀ ዕለት ሞተ።»

«ፓፓ ካቴቤ ያውቃሉ?»

 ዓይኗን ወደ አዲሱ ሶፋ፣ ወደ አዲሱ ምንጣፍ አዞረች። መልሱ ያ ነው።

«ታዲያ ለምን አያቃጥሉትም?»

ያን ጊዜ ነው ድምፅዋ የተሰበረው።

«አንድ ቀን ክብሪት ጭሬ አስጠግቼው ነበር። ልጆቼ አፋቸውን ከፈቱ።»

«የሞቱት ልጆችዎ?»

«ሁለቱም። እሳቱን አይተው አፋቸውን ከፈቱ፣ ፉንዲ። የወለድኳቸው ልጆች ናቸው። እንዴት አድርጌ ላቃጥላቸው?»

 ድንቹንና ጨርቁን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

እጄን ያዘችኝ። እጇ ይቀዘቅዛል።

«እሷን አጥፋልኝ። ምዋፔን። በላይዋ ውሃ ቀባባት። ሠዓሊ አይደለህም?»

* * *

ቀባሁ። ሰማያዊና አረንጓዴ ቀላቅዬ የወንዙን ቀለም አመጣሁና ንድፉን ከእግር እስከ ራስ ሸፈንኩት። ስጨርስ እዚያ ልጅ የነበረች አይመስልም። ውሃ ብቻ ነው።

ከጓዳ ይሰማ የነበረው ሳል ቆመ።

ቅርጫቴን ስሰበስብ ምዋፔ «እማ፣ ራበኝ» ስትል ሰማሁ። ማማ ካፒያ ሮጠች። ቡካሪ የምንለውን የበቆሎ ገንፎ ከካሳቫ ቅጠል ወጥ ጋር አመጣችላት። ልጅቷ ስትበላ እናቷ አፏን በሽርጧ ጫፍ ይዛ ታያታለች። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ግን ወደዚያው ተመለስኩ። ማንም አልጠራኝም። እግሬ ወሰደኝ።

በሩ ክፍት ነው። ማማ ካፒያ ሳሎኑ መሐል ቆማለች።

ንድፉ ተመልሷል።

ከቀባሁት ቀለም በላይ ነው የተመለሰው። አሁን ደግሞ እግር ብቻ አይደለም። ቀሚሱ አልቋል። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። እጆቿ አልቀዋል፣ ጥፍሮቿ ሳይቀሩ። አንገቷ ድረስ ደርሷል። የቀረው ፊቷ ነው።

ሳፋው ግማሽ ድረስ ውሃ ይዟል። የወንዝ ውሃ ነው... ቅጠል አለበት።

«ምዋፔስ?»

«አትናገርም። አፏን ስትከፍት ውሃ ነው የሚወጣው።»

ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሬ ፋቅሁ። እንደ ዕብድ ነው የፋቅሁት። የእኔ ቀለም ለቀቀ። ቀሚሱ ለቀቀ። የሸራው ክር እስኪታይ ድረስ ፋቅሁት። ባዶ ጨርቅ ሆነ።

ላቤን ልጠርግ ፊቴን አዞርኩ። ስመለስ ነጩ መስመር ከክሩ ውስጥ እንደ ላብ እየወጣ ነው።

ዓይናችን እያየ።

«ቦታው ባዶ መሆን አይፈልግም» አለች ማማ ካፒያ።

«ታዲያ ምን ይፈልጋል?» አልኳት።

«ሰው ይፈልጋል። ሰው ካልገባበት አይተዋትም።» ዞር ብላ አየችኝ። «እኔን ሣለኝ።»

«አልችልም።»

«ሠዓሊ ነህ።»

«እጄ እምቢ ይለኛል፣ ማማ ካፒያ። ሰው ገድዬ አላውቅም።»

«ልጅ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዞር በልልኝ።»

ቅርጫቴ ላይ ጎንበስ አለች። ብሩሽ አላነሳችም። ሌባ ጣቷን ቡናማው ቀለም ውስጥ ነከረችና በልጅቷ ንድፍ ላይ ክብ ነገር አደረገች። ጭንቅላት ነው። ከሥሩ መስመር። ከዚያ በቢጫው ቀለም ሽርጧን ሠራች፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን መሬት ላይ እንደሚስለው። ሁለት ነጥብ... ዓይን።

እዚያ ግሩም ሥዕል ውስጥ ያቺ ጎባጣ ምስል ሌላ ጊዜ ባያት ያስቀኝ ነበር።

በመጨረሻ ቀኝ እጇን ሠራች። ትልቅ አደረገችው። ከጭንቅላቷ የሚበልጥ እጅ።

«እጅዎን ለምን አተለቁት?»

«ያስፈልገኛል» አለች። ጣቷን ሽርጧ ላይ ጠረገች።

ከውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ካቴቤ ገባ። አቧራ ለብሷል። መጀመሪያ እኔን አየ። ቀጥሎ ሥዕሉን አየ።

«ውሃዬን የነካው ማነው?»

 ቀረብ ብሎ ጎባጣዋን ምስል ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ... ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማማ ካፒያ።

ሳቀች። እዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። የተበሳጨ ሰው ሳቅ አይደለም። ለጉዞ የተዘጋጀ ሰው ሳቅ ነው።

ካቴቤ በኮቱ እጅጌ ጠረገው። አልለቀቀም። በጥፍሩ ፋቀው። አልለቀቀም። አሁን በጣት የተቀባው ቀለም እንደ ድንጋይ ደርቋል።

«ውጣ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ከቤቴ ውጣ!»

ወጣሁ። ቅርጫቴን እንኳን አላነሳሁም።

* * *

በማግስቱ በረንዳችን ላይ ተቀምጫለሁ። ብሩሽ የለኝም፣ የምሠራው የለኝም። ካሴባ ሁሉንም ነግሬው ነበር። እንደ ልማዱ ይቀልድብኛል ብዬ ስጠብቅ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ መንገዱን ማየት ጀመረ።

ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በመንገዱ ላይ ልጅ ስትሮጥ አየን። በባዶ እግሯ።

ምዋፔ ናት።

ጉንጯ ቀልቷል። ከንፈሯ ወዝ አለው። ሞት አፋፍ ላይ የነበረችው ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ሮጣ መጥታለች፣ ግን አንዴም አላሳላትም።

«ፉንዲ... እናቴ ጠፋች!»

«የት ሄደች?»

«የትም! ሳሎን ነበረች። በሩን አባቴ ቆልፎባት ነበር፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። ገብተን ስናይ የለችም!»

ካሴባ ተነሳ። «እኔም እመጣለሁ» አለ። ፈርቷል፤ ግን መጣ። ይሄንን ሁሌም አነሳለታለሁ።

ሳሎኑ በሰፈር ሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ «በመስኮት ወጥታ ይሆናል» ይባባላሉ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ሳፋው ተገልብጧል። ምንጣፉ ላይ የማማ ካፒያ ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አፍንጫቸው ወደ ሥዕሉ ዞሮ።

ማንም ሥዕሉን አላየም። እኔና ካሴባ ግን አየነው።

ጎባጣዋ ምስል የለችም።

በቦታዋ ማማ ካፒያ አለች። እውነተኛዋ። ያ የማይታወቅ እጅ ጨርሷታል። የሽርጡ እጥፋት፣ የግንባሯ መስመር፣ የአንገቷ ሥር... ሁሉም አለ። ቀኝ እጇ ግን እሷ እንዳደረገችው ትልቅ ነው።

እንደ ሌሎቹ ተሰልፋ አልቆመችም።

ወጥታለች። ግማሽ አካሏ ከውሃው በላይ ነው። ያ ትልቅ እጇ የማምባ ሙንቱን ፀጉር ከሥሩ ጠምዝዞ ይዟል።

ማምባ ሙንቱ አሁን እኛን አታይም። አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ማበጠሪያዋ ከእጇ አምልጧል። አፏ ተከፍቷል...

በሕይወቴ ስንቷን እንደሣልኩ እግዜር ይወቀው። ፈርታ ግን ሥያት አላውቅም።

ካሴባ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ።

«እንሂድ» አለ።

«ቆይ...»

«ሉዋምባ፣ እንሂድ። ይሄ የሁለት ሴቶች ጠብ ነው። መሐል አይገባም።»

* * *

ማማ ካፒያ አልተገኘችም። ወንዝ የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ሬሳ የለም። ዘመዶቿ ጫማዋን ቀበሩ።

ምዋፔን ሊካሲ ከተማ የምትኖረው አክስቷ ወሰደቻት። በአውቶቡስ ያደረስናት እኔና ካሴባ ነን። አባቷ አልከለከለም።  ካሴባ ለመንገድ ብሎ ቀሚስ ሰፍቶ ሰጣት፤ ሰማያዊ እንዳይሆን ተጠንቅቆ።

የካቴቤ ነገር እየወረደ ሄደ። አንዱ የጭነት መኪናው ድልድይ ላይ ተገለበጠ። ሌሎቹን ሾፌሮቹ የት እንዳደረሷቸው ማንም አላወቀም። ዓሣው መምጣቱን አቆመ። ሰውየውም ከቤት መውጣቱን ተወ።

ዝናቡ መጥቶ አለፈ። ምዋፔ በሰው ላከችብኝ። «የእናቴ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ። እባክህ አምጣልኝ፣ መልኳ እየጠፋብኝ ነው» አለች።

መሄድ አልፈለግኩም። ግን ልጅ እናቷን ስትጠይቅ እንዴት እምቢ ይባላል?

በጠራራ ፀሐይ ሄድኩ። የግቢው በር ክፍት ነው። የሳሎኑ በር ክፍት ነው። ውስጡ ይቀዘቅዛል። ሶፋው የለም፣ ምንጣፉ የለም፣ መጋረጃው የለም። የቀረው አንድ ወንበር ነው።

ወንበሩ ወደ ሥዕሉ ዞሯል።

ካቴቤ ተቀምጦበታል። ፂሙ አድጓል። ሸሚዙ አጥንቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ፓፓ ካቴቤ...»

«ዝም በል።»

«ፎቶ ልወስድ ነው የመጣሁት። ለምዋፔ።»

«ዝም በል አልኩህ።» ዓይኑን ከሥዕሉ አልነቀለም። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «ገና አልዞረችም።»

አየሁ።

ማምባ ሙንቱ የለችም። ጅራቷም፣ ፀጉሯም፣ የትም የለም።

ድንጋዩ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። ቢጫ ሽርጧ ረጥቦ ገላዋ ላይ ተለጥፏል። ሽርጡ የሚያልቅበት ቦታ በሸምበቆ ተሸፍኗል... ከሸምበቆው በታች እግር ይኑር አይኑር አይታይም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ግራና ቀኝ ከጎኗ ተቀምጠዋል። የአንደኛውን ፀጉር በዚያ ትልቅ እጅ ታበጥራለች።

ልጆቹ ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

የሁለቱ ቦታ ከውሃው ሥር ባዶ ነው። ከኋላ ያሉት ሰልፈኞች ግን አሁንም አሉ። ቀድሞ ፊታቸው ወደ ጥልቁ ነበር። አሁን ሁሉም ቀና ብለዋል። የሚያዩት እኔን አይደለም።

ወንበሩን ነው።

ወደ ግድግዳው በጥንቃቄ ሄጄ የማማ ካፒያን ፎቶ አወረድኩ። ሳልፍ የካቴቤን እግር አየሁት። ወለሉ ደረቅ ነው። ሱሪው ግን እስከ ጉልበቱ ድረስ ረጥቧል። ውሃው እያየሁት ወደ ላይ ይወጣል... ቀስ እያለ፣ ክር ክሩን ይዞ።

«ይውጡ» አልኩት በሹክሹክታ። «ይነሱ፣ አብረን እንውጣ።»

«የት ልሄድ?» አለ። «የትም ብሄድ ጀርባዋን ነው የማየው።»

ክንዱን ይዤ ሳብኩት። አልተነቃነቀም። ቀጭን ሰው ነው፣ ግን ከመሬት ጋር የተሰፋ ይመስል ነበር።

ፎቶውን ደረቴ ላይ አቅፌ ወደ በሩ ሄድኩ። እንዳላይ ለራሴ ነግሬው ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን ዞርኩ።

ቅድም ስገባ ያየሁት ጀርባዋን ብቻ ነው። በእናቴ እምላለሁ፣ ጀርባዋን ብቻ ነበር።

አሁን ጆሮዋ ይታያል።

ከጆሮዋ አለፍ ብሎ... ጉንጯም።

ጉንጯ ወደ ላይ ተሰብስቧል። ሰው ሲስቅ እንደሚሰበሰበው።